ስለ ተከራየሁት ቤት፣ ለአባዬ

ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኦልድ ኤርፖርት፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባዬ፤

ጉልበትህ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ እንደማይስማማህ ስለማውቅ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ የሽመና ጉድጓድህ ውስጥ ገብተህ ሸማ እንዳትጀምር አደራ እላለሁ። ዛሬ እሁድም ጽዮን ማርያምም ስለሆነ ሥራ የለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፍልህ።

በስልክ እንዳልነግርህ አንተና ስልክ አትስማሙም። «እሺ፣ በርቺ፣ እናትሽ ታናግርሽ» ብለህ ታቀብላታለህ። ፊደሉን ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት ትንሹ ማሙሽ ሳያነብልህ ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀን ሸማ ስትሠራ ውለህ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄድክ ፊደል የቆጠርከው፣ ደብዳቤህን ሌላ ሰው እንዳያነብልህ አይደል?

የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። ከሽሮ ሜዳው ቤታችን ወጥቼ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በመከራየቴ እንዳዘንክ እማዬ ሳትነግረኝም አውቃለሁ። ስወጣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣህም፤ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው የተሸከምክልኝ ራስህ ነህ። ግን ከዚያ ወዲህ ስደውል «መቼ ነው የምትመጪው?» ማለት ትተሃል። የእድሩ ሴቶችም «ልጅቷ ምን ሆና ነው? ተጣላችሁ እንዴ?» እያሉ እማዬን እንደሚያስጨንቋት ሰምቻለሁ። ያላገባች ሴት፣ አባትና እናቷ በአንድ ከተማ እያሉ፣ ለብቻዋ ቤት ተከራይታ መኖሯ በኛ ሰፈር ወሬ ቢሆን አይገርመኝም። ሌላው የፈለገውን ይበል። አንተ ግን ምክንያቱን ከኔው ልትሰማው ይገባል።

ምክንያቱ ሥራዬ ነው። ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ስልክ ላይ ታወራለች» ስትል ሰምቼ ስቄያለሁ። ልክ ነህ፤ ነገሩ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችል የኛ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ ለአስተርጓሚ ይደውላል፤ ስልኩ እኔ ጋ ይመጣል። ሐኪሙ የሚለውን በአማርኛ፣ ታካሚው የሚለውን በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ስንት ሐበሻ እንደያዙ፣ በየክረምቱ መጥተው የሀበሻ ቀሚስ በሻንጣ ጭነው ከሚሄዱት ደንበኞችህ ታውቃለህ። በእነሱ አቆጣጠር በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በመጣበት አገር ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ የማቅረቡ ግዴታ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። የከተማዋ ቢሮዎች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንጀራዬ የሚጋገረው በዚህ ነው። ከቤታችን አለፍ ብሎ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ ቪዛ ፈላጊው ሲሰለፍ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አሁን እኔ ሳልሰለፍ በየቀኑ አሜሪካ ሐኪም ቤት ውስጥ ውዬ እገባለሁ።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። እነሱ ቢሮ የሚገቡት በኛ አነጋገር በጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በየዓመቱ በጋና ክረምት ሲለዋወጥ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚያደርጉ፣ ከኛ ጋር ያላቸው ልዩነት አንዴ 7 አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ጥቅምት 23 ቀን ወደኋላ ስለመለሱት አሁን 8 ሆኗል። ስለዚህ እኔ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እቀመጥና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እነሳለሁ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ደግሞ ቤታችን የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ማሙሽ ከትምህርት ቤት ይመጣል። እማዬ ቡና ትቆላለች። የአክስቴ ልጆች ቴሌቪዥን ከፍተው ይጣላሉ። ደንበኛ «ጥለቱ አላለቀም እንዴ?» እያለ በሩን ይደበድባል። ከመንገድ ረዳቱ «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ!» ይላል። የጭቃ ግድግዳችን ብርድ እንጂ ድምፅ አይመልስም። ይህ ሁሉ ያሳደገኝ ድምፅ ነው፤ አንዱንም ጠልቼው አልወጣሁም። ብቻ በዚያ ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ አንድ የታመመ ሰው አለ።

ይህን ልብ ብለህ ስማኝ። ሰው ለሐኪም የሚናገረው ለትዳር ጓደኛው ያልነገረውን ነው። በሰው አገር የሚኖር ሐበሻ ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ የሚፈራው ሐበሻን ነው። ፈረንጁ ሐኪም የሰማውን የት ወስዶ ለማን ይናገራል? ከኔ በስተጀርባ በአማርኛ የሚስቅ ወይም የሚያወራ ሰው ድምፅ ከሰማ ግን፣ ታካሚው ወዲያው ዝም ይላል። «የአገሬ ሰው ሰማኝ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይወራል፤ ለቤተሰቦቼ ይደርሳል» ብሎ ይሰጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጠይቀው የሚመልሰው «ደህና ነኝ» ብቻ ይሆናል። ደህና ሳይሆን ደህና ነኝ ያለ ሰው ደግሞ ሳይታከም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መስማቱም ራሱ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስት ፊፍቲን ነው፤ ሃምሳ ደግሞ ፊፍቲ። የመጨረሻዋ ድምፅ ከተዋጠች የመድኃኒቱ መጠን ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥር ሲመጣ ደግሜ እጠይቃለሁ፣ አሃዝ በአሃዝ አስቆጥራለሁ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የኛ ሰው «መድኃኒቱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወሰድኩ» ሲል፣ ነርሷ በሌሊት ተነስቶ የወሰደ መስሏት ትደነግጣለች። በእነሱ አቆጣጠር 8 መሆኑን እኔ ሰምቼ ማድረስ አለብኝ። የተወለደበት ቀን ሲጠየቅ በኛ አቆጣጠር የሚናገርም አለ፤ እሱንም እንዳለ አድርሼ ታካሚው የሚለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ለሐኪሙ ማስታወቅ የኔ ፋንታ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ መካከል ግማሽ ጆሮዬ ቴሌቪዥኑ ጋ፣ ግማሹ ቡናው ጋ ሊሆን አይችልም።

የሥራው ደንብ ሦስት ነገር ይላል፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የሰማኸውን አታውጣ። ሥልጠናውን ስወስድ አብረውኝ የነበሩት ይህን እንደ አዲስ ነገር ማስታወሻ ሲይዙ፣ እኔ አንተን ነበር የማስበው። ልጅ ሆኜ ሴቶች ራሳቸው የፈተሉትን ፈትል ይዘው ይመጡ ነበር። አንተ ፊታቸው በሚዛን ትመዝነዋለህ፤ ጋቢው ሲያልቅም መልሰህ ፊታቸው ትመዝነዋለህ። የተረፈችውን ክር፣ የተበጠሰችውን ቁርጥራጭ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለህ ከጋቢው ጋር ትሰጣቸዋለህ። የአንዷን ፈትል ከሌላዋ ጋር አትቀላቅልም። አንዴ አንዲት እናት ወረቀቱን ፈትተው አዩና «ይቺን ምን አደርጋታለሁ፣ ጣላት እንጂ» ሲሉህ፣ «የራስዎ ናት፤ መጣሉንም እርስዎ ይጣሏት» አልካቸው። እኔም የታካሚውን ቃል እንደዚያች ቁርጥራጭ ክር ነው የምይዘው። ለኔ የማትረባ ብትመስለኝም የሱ ናት፤ ለሐኪሙ ትድረስ፤ መጣሉንም ሐኪሙ ይጣላት።

አንተስ ስትሠራ ማን ያናግርህ ነበር? ጥለት ስትጥል ክር ስለምትቆጥር ማንም ቃል አይተነፍስም። እንግዳ ቢመጣ እማዬ በእጇ ምልክት ዝም አሰኝታ ታስቀምጠዋለች። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ባንተ ላይ ስለሚያርፍ፣ በበሩና ባንተ መካከል ማለፍ ያስቆጣህ ነበር፤ ቀሰም ላቀብልህ ስመጣ እንኳ በግድግዳው ጥግ ዞሬ ነበር የምመጣው። ሰው «ልጅህ ቤቱ ጠቧት፣ ድምፁ ረብሿት ሄደች» ቢልህ እንግዲህ መልሱ ያንተው እጅ ነው ያለው። ሥራ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ብርሃንና የራሱ ፀጥታ ያስፈልገዋል ብሎ በቤታችን ያስተማረ ካንተ በቀር ማንም የለም።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገርህ፤ ሳታየው አትፍረድበት።

ደላላ ቤት የሚያሳየው ረፋድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰፈር ፀጥ ያለ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ጠጪው እንቅልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ደላላውን እያስመረርኩ የወደድኩትን ቤት ሁሉ አመሻሽ ላይና ሌሊት ተመልሼ አየሁት። ቦሌ በኩል ያየሁት አንዱ ዕቃው ያማረ፣ ወንበሩ የተመቸ ነበር፤ ግን ከፊት ለፊቱ ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ ሌሊት አርማታ ይሞላል። ሌላው ከሥሩ ግሮሰሪ አለ፤ ቀን የተዘጋ መደብር መስሎ ማታ በሙዚቃ ይነቃል። ለመኖሪያ ሰፈር የአገሪቱ የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው፤ ወረቀት ላይ ሁሉም ሰፈር ፀጥ ያለ ነው ማለት ነው። እውነቱን የሚነግርህ ግን ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆመህ ስትሰማ ነው።

ይህ ያለሁበት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ መውጫ በሌለው የኮብልስቶን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። መውጫ ስለሌለው የሚያቋርጥ መኪና የለም፤ የሚገባው ነዋሪ ብቻ ነው። የቦሌው አየር ማረፊያ ሳይሠራ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው እዚህ አጠገብ ልደታ ሜዳ ላይ እንደነበረ አንተ ነህ የነገርከኝ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ይዞ ቀረ። አሁን ግቢያቸው የሰፋ የድሮ ቪላዎች፣ ኤምባሲዎችና በመካከላቸው ብቅ ብቅ ያሉ አፓርታማዎች ናቸው ያሉት። የኔው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በጓሮ በኩል ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ጽድና የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። መንገዱን የሚያየው ክፍል በኪራይ ቀለል ይል ነበር፤ እኔ ግን እይታ አልነበረም የምፈልገው።

ውስጡ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንዲት ሳሎንና ማብሰያ ነው። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርኩት፤ ከመስኮት ይልቅ ግድግዳ ድምፅ ይከለክላል። ወንበሩ ከፍና ዝቅ ስለሚል እግሬ መሬት ይረግጣል፤ ስምንት ሰዓት ለሚቀመጥ ወገብ ትርጉሙን አንተ ታውቀዋለህ። ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ በገመድ ሲሆን ድምፁ አይቆራረጥም። መብራት ሲጠፋ የግቢው ጀነሬተር ራሱ ይነሳል፤ እስኪነሳ ያሉትን ሰከንዶች ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙም ታካሚውም መብራት መጥፋቱን አያውቁም። ኢንተርኔቱ ራሱ ቢቋረጥ ሌላ ሲም ያለው ስልክ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ውሃው በፈረቃ ቢመጣም ጣሪያው ላይ ሮቶ አለ። የሚከፈለኝ በተናገርኩት ደቂቃ ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ገቢዬም ይቋረጣል። እናም ኪራዩ ገንዘብ ማባከን አይምሰልህ፤ ከኪራዩ ተርፎ ለእማዬ የምሰጣት መቀነሱን ወይም አለመቀነሱን እሷን ጠይቃት።

አንድ ነገር ግን ቤቱ አልነበረውም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ መጋረጃው ስስ ነው። ገና እንደገባሁ አንድ ሐኪም «ይቅርታ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፄ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ እየተመለሰ ነበር። ከመርካቶ ምንጣፍ ገዛሁ፣ መጋረጃውን በወፍራም ቀየርኩ፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ፣ ከቤት ስወጣ የሰጠኸኝን ጋቢ ከሻንጣ አወጣሁና ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሙሉውን ዘርግቼ ሰቀልኩት። አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ድምፁ በክሮቹ መካከል ሲያልፍ ይዋጣል። ቀና ብዬ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ አልተመለሰም። አሁን ጥለቱ በስተቀኝ፣ ልክ በዓይኔ ከፍታ ነው። ሰው አንዳንዴ ረጅም ነገር ሲናገር ዓይኔን የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴው ክር ተበጥሶ የቀጠልክባት ቋጠሮ አለች፤ በጣም ካልቀረቡ አትታይም። ይህን የምነግርህ ጋቢውን ለምን እንደማልለብሰው እማዬ ስትጠይቅ መልሱን እንድታውቅ ነው።

ፀጥታው ግን በግድግዳና በጋቢ ብቻ የመጣ እንዳይመስልህ። ሰው ነው የሚጠብቀው። ማታ እንደምሠራ የግቢያችን ዘበኛ ሲያውቁ ሳልጠይቃቸው የብረቱን በር ማጠፊያ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ያ ሲጮኽ የነበረው በር አሁን ድምፅ የለውም። ጠዋት እኔ እንቅልፍ ላይ ስሆን «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ ሲመጣ ከሩቅ እጃቸውን ያነሱለታል፤ እሱም ከኛ በር አልፎ ነው የሚጀምረው። ከሥሬ ያሉት እናት «ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው፣ የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝና ከዚያ ወዲያ ቡና የሚወቅጡት ሙቀጫውን ወፍራም ነገር ላይ አስቀምጠው ነው። እኔም በበኩሌ ሌሊት ስነሳ ጫማ አላደርግም፣ ልብስ ማጠቢያውን ከቀን በቀር አልከፍትም። ዘበኛውም ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ስለሆኑ 7 ሰዓት ላይ ስጨርስ ትኩስ ሻይ አወርድላቸዋለሁ።

የማይዘጋ ድምፅም አለ። ብስራተ ገብርኤል ቅርባችን ነው፤ በየወሩ በ18 ማታ ማኅሌቱ ይጀምራል። እሱን ዝም በሉ አይባልም፤ ተራዬን የምለዋውጠው እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ትልቁ በዓል ስለሆነ የዋዜማውን ሌሊት ከወዲሁ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ። ውሾቹም እንዲሁ ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ የአንዱ ኤምባሲ ውሻ ይጀምርና ሰፈሩ ሁሉ ይቀበለዋል። ያኔ በማዳመጫው ላይ ያለችውን የድምፅ መዝጊያ ተጭኜ፣ የመናገር ተራዬ ሲደርስ ብቻ እከፍታታለሁ።

ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ግን አልዋሽህም። ቡና ለአንድ ሰው አይፈላም፤ አፍልቼ አውቃለሁ፣ አቦል ላይ አበቃ። ከሁሉ የሚከብደው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን የማደርሰው ቃል የሚከብድ ነው። ክፉውን ዜና በአማርኛ የሚሰማው ከሐኪሙ ሳይሆን ከኔ አፍ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋም የማን ዜና እንደነበረ ለማንም መናገር አልችልም። ላንተም አልናገርም፤ አንተም እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። ሽሮ ሜዳ ብሆን ምንም ሳልናገር አጠገብህ ቁጭ ብዬ ቀሰም ባጠነጥን ይቀለኝ ነበር። እዚህ ያለው ፀጥታ ለሥራ የሚሆን ነው፤ ከሥራ በኋላ ላለው ሰዓት አይሆንም። ከዚህ ቤት የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሽሮ ሜዳው ቤታችን ጓሮ ያለችውን የማገዶ ክፍል ለሥራዬ እንድትሆን ልሥራት ወይ? የተከራየሁት ቤት ምን ምን እንደሚያስፈልግ አሳይቶኛል። ግድግዳዋ በብሎኬት ተነስቶ በሁለቱም በኩል ይለሰናል። በሯ ወፍራም እንጨት ይሆንና ጠርዙ ላይ ላስቲክ ይመታበታል። መስኮቷ አንዲት ትንሽ ሆና ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ተራራው ትዙር። ቆርቆሮው ከባዱ ነገር ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድበት በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ከሥሩ ድርብ ኮርኒስ ገብቶ በመካከሉ ጥጥ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ መጠቅጠቅ አለበት። ከቆጣሪው የራሷ መስመር ይወጣላታል። አጠራቅሜያለሁ፤ ያንተን ኪስ አልነካም። ያንተንም የሥራ ቦታ አንድ ክንድ እንኳ አልወስድም፤ ጉድጓድህ ባለበት ይቀመጣል። እንዲያውም ግንበኛው ከመጣ አይቀር፣ በበሩ ብርሃን ብቻ ከምትሠራ ከአጠገብህ ሰፋ ያለ መስኮት እናስወጣልህ። ዓይንህ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ባትነግረኝም፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማግባት ማሙሽን እንደምትጠራ አይቻለሁ።

ከመልስህ በፊት ግን መጥተህ እየው። የፊታችን እሁድ ና፤ እማዬንም አምጣት። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ድረስ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ የሳር ቤትን ታክሲ ያዙ። ፑሽኪን አደባባይ ስትደርሱ ደውሉልኝ፤ ራሴ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። ሊፍት ስላለው ለጉልበትህ አትስጋ። ጾም ስለሆነ ሽሮና የተልባ ፍትፍት ይኖራል። ክፍሉን ዙረህ እይ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥበት፤ ማዳመጫውንም አድርገው። የማገዶዋን ክፍል ደግሞ ሳትመጣ በፊት በክንድህ ለካና ቁመትና ወርዷን ጽፈህ አምጣልኝ። ፈቃድህ ከሆነ ከገና በኋላ ግንበኛ አምጥቼ ዋጋ አስቆርጣለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ላይ እንደርሳለን። ካልፈቀድክም በግልጽ ንገረኝ፤ ሌላ መላ አብረን እንፈልጋለን።

እማዬን፣ ማሙሽንና የአክስቴን ልጆች ሳምልኝ። ለእድሩ ሴቶችም «አልተጣላንም፤ ልጄ ሥራ ላይ ናት» በልልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የምትወድህ ልጅህ